«ይቀራል» ያለችኝ ሐኪም

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለተናኘ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? የአሠሪሽስ ጠባይ ረገብ አለ? እኛ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደኅና ነን። ዛሬ ደኅና ነን ስልሽ ከልቤ ነው፤ ባለፈው በስልክ ያልኩሽ ግን ከአፌ ብቻ ነበር። መጨረሻው ደግ ነውና ሳትደነግጪ አንብቢ። በስልክ እንዳልነግርሽ ተጮሆ የሚወራ ነገር አልሆነልኝም። የጎረቤታችን ልጅ ፍቅርአዲስ ወደ ቤሩት ልትመጣ ስለሆነ ይህን በእሷ ልኬልሻለሁ።

ገብስ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ገላዬን ስታጠብ፣ ግራ ጡቴ ላይ ሽምብራ የምታህል ነገር እጄን ነካችው። አታምም። አለማመሟ ነው ያስፈራኝ፤ እናታችንንም እንዲሁ ሳያማት ነበር የጀመራት። እሷ ለወንድ ሐኪም ደረቴን አልገልጥም ብላ፣ በነጠላዋ እንደሸፈነችው ሄደች። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ታውቂዋለሽ። ሰቆጣ ሴት የቀዶ ጥገና ሐኪም መጣች ሲባል ነው ተነሥቼ የሄድኩት።

ዶክተር ሰርካለም ትባላለች፤ የጎጃም ልጅ ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ጫፍ ስትፈልግ እህል ውስጥ ጠጠር የምትለቅም ትመስላለች። በመርፌ ናሙና ወስዳ ወደ ባሕር ዳር ላከች። መልሱ ሲመጣ ነቀርሳ መሆኑን፣ ግን በጊዜ መድረሴን፣ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ «አይዞዎት፣ ጡትዎ ይቀራል» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እኛ ዝናብ ቀረ፣ ሠርግ ቀረ እንላለን አይደል? የእኔም ጡት ሊቀር ነው ብዬ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። ለባለቤቴ ለትእዛዙ ስነግረው «ልጆቹን አሳድጓል፣ ይሂድ። ብቻ አንቺ ቅሪልኝ» አለኝ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልጅሽ መክሊት ደግሞ ቀሚሶቼ በግራ በኩል እንዳይንጠለጠሉ ልትሰበስብልኝ መርፌና ክር ይዛ ተቀመጠች።

ቀኑ ደርሶ ተኛሁ። ስነቃ እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ። ፋሻ አለ፤ ከፋሻው ሥር ጡቴም አለ! ነርሷን ጠርቼ «ረስተውታል፣ ሳይቆርጡ ነው የሰፉኝ» አልኳት። ዶክተሯ እየሮጠች መጣች።

«ይቀራል ብዬዎት አልነበር?» አለች።

«ብለውኛል እንጂ! ይኸው አልቀረም» አልኳት።

ተያየን። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሯ ነገሩ ሲገባት አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ስፌቱ እየያዘኝ መሳቅም አቃተኝ። ለካ የወጣው እብጠቱ ብቻ ኖሯል። ከዚያ ሳቋ ጠፋና «ይቆረጣል ብለው ነው እሺ ብለው የመጡት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።

ስፌቱን ስትፈታልኝ ይህን ሙያ የት እንደተማረችው ጠየቅኋት። ሐኪም ከሆነች በኋላ እንደገና ተማሪ ሆና ዓመታት ገፍታለች። መጀመሪያ ሥራዋ መምህሮቿ ቀዶ ጥገና ሲሠሩ ቁስሉን ከፍቶ መያዝ ብቻ ነበር፤ እግሯ እስኪያብጥ ትቆም ነበር አለች። ቤቷ ስትገባ ቋጠሮ ትለማመዳለች። እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ በየወንበሩ እግር የተቋጠረውን ክር አይተው «ልጄን ድግምት አሠሩባት» ብለው ጠበል ሊወስዷት ነበር አሉ! የጡትን ቀዶ ጥገና ያስተማረቻት አንዲት አንጋፋ ሐኪም «መቁረጥ ቶሎ ይለመዳል፣ ምን ያህሉን መተው እንዳለብሽ ማወቅ ነው የሚከብደው» ትላት ነበር። ጠባሳዬን ብታዪው ቀጭን ጥለት ነው የሚመስለው።

የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ዳርዳሩ ንጹሕ ነው፣ ከብብቴ የተወሰደውም ንጹሕ ነው ተብሏል። ዶክተሯ ይህን ነግራኝ «አሁን ጨረር ብቻ ይቀርዎታል» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «የትኛው ይቀራል?» አልኳት። «ገና የሚሄዱበት!» አለችኝ። ስለዚህ ከወንድማችን ከደረሰ ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መንገዱን ትንሽ እፈራዋለሁ፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

ተናኘ፣ አንቺም የእናታችን ልጅ ነሽ። ስትታጠቢ እጅሽን አሳርፊበት። ሴት ሐኪም ባታገኚ ለወንድም ቢሆን ግለጪ፤ የእናታችን መሸፈን ይበቃናል።

ትእዛዙ ጤና ይስጥልኝ ብሎሻል። ደረሰ በጣም ናፍቄሻለሁ ይላል። መክሊት ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ የሰበሰበችውን ቀሚስ ሁሉ እየተረተረች እናቴን ሳሚልኝ ብላለች። አክስታችን እትዬ ወለተ ሰንበት ይመርቁሻል፤ ስምሽ በተነሣ ቁጥር ግን «ያቺ ልጅ ሄዳ ቀረች» ይላሉ። ድሮ ዝም እላቸው ነበር። አሁን «ይቀራል የተባለ ሁሉ አይቀርም» ብያቸዋለሁ።

እንዳታሳፍሪኝ።

እህትሽ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ ዙሪያ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.