የደሊልና የእኔ ስፒከሮች

ናዝሬት፣ ዓርብ ኅዳር 15 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሸዋወርቅ፣

እንደምን ከርመሻል? የጅማው ዝናብ አባርቶልሽ ይሆን? እኔ ጤና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ የጎረቤታችን የሐጂራ ወንድም መሐመድሰዒድ በጭነት መኪናው ይዞልሽ ይመጣል። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥይው።

ጡረታ ስወጣ የገዛሽልኝን ስፒከሮች መርምሬ ጥሩና ደካማ ጎናቸውን እንድጽፍልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳባቸዋል፤ ከበሮው ጣውላ ሲንኳኳ ይመስላል። የሰው ንግግር ግን ዝቅ አድርጌ ስከፍተው እንኳ ቃል በቃል ይሰማል። ወፍራሙን ለማዳበር የእኔንና የደሊልን ቤት ከሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠጋኋቸው፤ ጥቂት ረዳ። ንግግሩን ለመፈተን ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት ድምፅ ያስፈልገኝ ስለነበር፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሚያነበውን የዚያን የተከለከለ የውጭ ሬዲዮ ሰውዬ መረጥሁ። ሳይቸኩል፣ አጥርቶ ያነባል። ሦስት ቀን አዳመጥሁት። እውነቱን ልንገርሽና ፈተናው በሁለተኛው ቀን አልቆ ነበር።

በአራተኛው ቀን የሐጂራን ባል ደሊልን ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወሰዱት። የቀበሌው ጥበቃ አብተው በጓሮው መተላለፊያ ሲያልፍ የሬዲዮውን ቃል ሰምቶ በወረቀት ጽፎት ኖሯል። ድምፁ የመጣው ከደሊል ቤት ነው አለ። ማን ይጠራጠር? ደሊል ራሱ «ስፒከሬ ሱሪውን እያናወጠ ስፌት ያጣምምብኛል» እያለ ሰፈሩን የሚያስቅ ሰው ነው። ነገ ቅዳሜ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ሊያሳልፉት ወስነው ነበር። ከዚያ የተመለሱትን አንቺም በጣትሽ ትቆጥሪያቸዋለሽ።

የቀበሌው ሊቀመንበር መርዳሳ ሳይንስ ያስተማርሁት ልጅ ነው። የደሊል ስፒከር ንግግርን አጥርቶ ከግድግዳ ውጭ ያሰማ እንደሆነ ፈትሼ በጽሑፍ እንዳቀርብለት ለመነኝ። ትናንት በቀኑ ዜና ሰዓት ፈተሽሁ። አብተው በዚያው ቦታ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቆመ፤ እኔ ውስጥ ሆኜ ድምፁን ሦስት ጊዜ ከፍ አደረግሁ። የደሊል ስፒከር ወፍራም ድምፁ ደረት ይመታል፤ ድምፅ የሚያወጣው የውስጥ ወረቀቱ ግን ተቀዶ ንግግሩን ያፍነዋል። አብተው አንድም ቃል አልጻፈም።

«ጉም ጉም ይላል እንጂ ቃል የለውም» አለ። ቀጥሎ፣ «ያን ቀን ግን ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት» ብሎ መስኮቴን ተመለከተ።

እሱ ሲሄድ ሐጂራ ሽቦውን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ደሊል ድምፁ ከየት ቤት እንደመጣ ያውቃል» አለችኝ። «ስንቅ ሳደርስለት አፍሽን ያዢ ብሎኛል።»

ልጄ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስድስት ቀን ሙሉ እየጠየቁት ስሜን አላነሳም።

ሪፖርቱን በሁለት ገጽ ጻፍሁ። አንዱ ስለ ደሊል ስፒከር፣ ሁለተኛው ስለ እኔ፤ የት እንዳስቀመጥኋቸው፣ ምን እንዳዳመጥሁ፣ ስንት ቀን። ዛሬ ጠዋት ለመርዳሳ ሰጠሁት። አንብቦ ተነሣና በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ገጽ ማን ጠየቀዎት? ልቅደደው።»

«ያለ እሱ ደሊል ይወጣል?» አልሁት።

«አይወጣም» አለ።

«እንግዲያው አያይዘው።»

ደሊል ስድስት ሰዓት ላይ ተለቀቀ። በሬ ላይ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እኔ ደግሞ በአሥር ሰዓት ብርድ ልብስ ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ነው።

ስፒከሮቹን ማን ገዛቸው ለሚለው ጥያቄ ራሴ ብያለሁ። በሪፖርቱ ውስጥ ያለው ውሸት ይህ ብቻ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ ከዚህ ቃል እንዳትወጪ። በራስሽም አትፍረጂ፤ ዕቃው የተገዛለትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል።

ከተማሪዎችሽ አትለዪ። የገና ዕረፍት ሲደርስ እንደ ልማድሽ አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ። በእጄ የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ካልደረሰሽ ናዝሬት አትምጪ። ሐጂራ ታሟል ብላ ብትጽፍልሽም አትምጪ፤ ከዚያ የከፋ ብትጽፍልሽም አትምጪ።

የእናትሽ አምላክ መግቢያና መውጫሽን ይጠብቅልኝ። በሰው ፊት ሞገስ፣ በሥራሽ ብርታት ይስጥሽ።

አባትሽ
ወልደአማኑኤል