ለቂርቆስ የገባው ጥላ

ጋምቤላ፣ ጥር ፲፭ ቀን

ልጃችን ናሆም ወባ ሲይዘው ባለቤቴ «ከዳነልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ለሕፃኑ ሰማዕት ለቂርቆስ ተሳለች። እኔ ለሱቃችን ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ሄጄ ስለነበር፣ ሌላ ጊዜ ላለመመላለስ ጥላውን አብሬ ገዛሁት። በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ናሆም አረፈ።

ዛሬ ንግሡ ነው። ጥላውን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ «ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። አንተ እንደ ሸቀጥ ቀድመህ ገዛኸው» አለችኝ።

«ታዲያ ሱቅ ውስጥ ልስቀለው?»

«የቂርቆስ እናት እንኳ አብራው ነው የሞተችው» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ዘረጉት። ከኢታንግ የመጡ ሴቶች ስለቴ የሰመረ መስሏቸው እልል አሉ። አንዷ «እንኳን ቂርቆስ ሰማህ፣ ጋሼ!» አለችኝ።

«አሜን» አልኳት። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።