በመኪና መስታወት የተሳለ ሰንጢ

ለልጄ ሉጥፊያ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ ያላችሁ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔና ልጅሽ ረያን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ከካርቱም ስንወጣ መኪናው ሶባ ላይ ቆመ። ሰንጢዬ ዳቦ አልቆርጥ ስላለኝ በመስኮቱ መስታወት ጠርዝ ሳልሁት። ሹፌሩ ዐዛም፣ "ያ ሐጅ፣ መስታወቴን ልትጨርሰው ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ረያን ግን የስለቱን ድምፅ ስትሰማ ወንበር ሥር ገባች። ለዐረፋ ሳርድ ቢላዬን በበጉ ፊት ስዬ አላውቅም፤ ለልጅቱ አለማሰቤ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ከመኪናው ርቄ በድንጋይ እስላለሁ።

መሣሪያ የያዙ ሰዎች የካርቱም ቤታችንን ከፈተሹበት ሐሙስ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። የመንገድ ድካም ነው። ዳቦውን በልታለች። ብቻ ስትደውዪ ስሟን ጠርተሽ ጠብቂ፤ ቶሎ አትዝጊ።

ኢንሻአላህ ደጃችሁ እስክንቆም በሰላም ቆዩን።

አባትሽ አብዱልሰላም