ለአሮጌዋ ፓንዳ የሚሆን ሬዲዮ

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

የጣሊያን ትራም ዛሬም ቆመ። ከፒያሳ ቪቶሪዮ እስከ ፒኜቶ በእግሬ። ሱቁ ውስጥ በርበሬና ሩዝ ስደረድር ዋልኩ። የፊዚክስ ላውሬያ፣ ዲግሪ ይዤ... በቃ፣ እሱን ዛሬ አልጽፍም።

ደስ የሚል ነገር አለ! ከሥራ በኋላ የክበቡ ስብሰባ ነበር። እኛ ወጀብ ጠባቂዎች አሥር ነን፤ አንድ አሮጌ ፓንዳ መኪና አለችን። አለርታ፣ የወጀብ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሁለት ሰው በሷ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደመናውን ያያል። ያየውን በሬዲዮ ለሳላው፣ ለክበቡ መቀበያ ክፍል ይናገራል። ከሳላው ደግሞ ሰው ሮጦ ዝቅ ያሉትን ቤቶች ያንኳኳል። አሁን የፓንዳዋ ሬዲዮ ተቃጥሏል። ፕሬዚደንቱ ሲኞር ሬናቶ፣ "ዶቶሬሳ፣ አዲሱን አንቺ ምረጪ" አለኝ። ዶቶሬሳ፣ ባለ ዲግሪዋ! ቀልዱን ነው? ይሁን። እመርጣለሁ።

ለእኔ ጨዋታ አይደለም። እማዬ የምትሠራው ሲኞራ ኢዳ ቤት ነው፤ እዚያው ታድራለች። ቤቱ ሴሚንተራቶ ነው፣ ግማሹ መሬት ውስጥ። ስልክ አይሠራም። አሮጊቷ አይራመዱም። ውሃ ከመግባቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ በሩን የሚያንኳኳ ካለ፣ ከጎረቤት ጋር ተጋግዛ ታወጣቸዋለች። ከሌለስ?

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ከአባላቱ ሦስት ሬዲዮ ተውሼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፈተንኳቸው። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቄ፣ ጓንቱን አርሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቻናል መቀየር። አብራኝ የምትኖረው ዓለም በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፍርስ አለች።

"አንቺ፣ ጠበል ነው ወይስ ፈተና?"

"ዝም ብለሽ ቁጠሪልኝ።"

"ሰው ባል ይመርጣል፣ እሷ ሳጥን..."

አንደኛው ቆንጆ ነው። ባለ ቀለም ስክሪን፣ ካርታ ሁሉ ያሳያል፤ ሁሉ ነገር በመንካት። በእርጥብ ጓንት አልሰማ አለኝ። ሁለተኛው ጉልበት የለውም። ሦስተኛው... አስቀያሚ! ጥቁር ሳጥን። ግን አንድ ትልቅ መዞሪያ አለው። ቻናል ሲቀየር ጠቅ ይላል፣ በጣት ይቆጠራል። ሃምሳ ዋት ነው፣ ብዙ ሲናገሩበትም አይግልም። ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አሥሩም ተሳካ።

ይኸው ነው። ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ደሜ ፈልቷል።

ሬናቶ ሪፖርቴን ገልጦ እንኳ አላየውም። ባለ ስክሪኑንና ጥቁሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ባለ ስክሪኑን አበራና፣ "ጊዜው የወጣቶች ነው!" አለ። ጥቁሩን ደግሞ "ይሄ የአያቴ ነው" ብሎ ሰው አሳቀ።

ጋሽ ተኽለብርሃን ይናገሩልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሀገር ቤት የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩ፣ ለፓተንቴው፣ ለሬዲዮ ፈቃዱ ፈተና በየሐሙሱ ያስጠኑኝ ሰው! ወደሚያበራው ዞረው፣ "እጅግ ጥሩ ምርጫ ነው። እደግፋለሁ" አሉ።

ምን?

ሬናቶ ወደ እኔ ዞረ። "አሎራ፣ ምን ትያለሽ ዶቶሬሳ?"

እኔስ ምን አልኩ? በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው በሰው ፊት ከተናገሩ በኋላ... "ጋሼ ካሉ እሺ።"

እሺ! ምላሴን ምን ያዘው?

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ሪፖርቴን እንደገና አነበብኩት። ለጌጥ ነው የጠሩኝ?

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያዝኳቸው።

"ጋሼ፣ ለምን?"

"ምኑ ለምን፣ ልጄ?"

"ያንን ስክሪን ለምን ደገፉት?"

"ያንቺ ምርጫ አይደለም እንዴ?"

እግዚኦ። የኔ መስሏቸው ነው። ሬናቶ ሲያወድስ፣ ልጄን አመሰገነልኝ ብለው። ሪፖርቴስ? አላነበቡትም። ማንበብ አይችሉም... ዓይናቸው ከደከመ ዓመት ሆኖታል። ካወቁ ከፓንዳዋ ያወርዱኛል ብለው ደብቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የታያቸው የሚያበራው ብቻ ነው።

"አንቺስ ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?"

"እርስዎ ስላሉ ነዋ!"

"እኔ ደግሞ ላንቺ ብዬ!"

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ እሳቸውን አክብሬ፣ እሳቸው እኔን ሊደግፉ፣ ሁለታችንም የማንፈልገውን አስመረጥን። ይሄ ይሉኝታ ለጣሊያን እንዴት ይነገራል?

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ለሬናቶ ሬዲዮው ይቀየር አልኩት። "ተገዝቷል፣ ተገጥሟል። አንቺ ራስሽ እሺ ብለሻል፤ ቨርባሌው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ።" ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ካልማ፣ ቤላ።"

ካልማ! ተረጋጊ ይለኛል!

የጋሼን ዓይን ጉዳይ አላነሣሁም። ምስጢሩ የሳቸው ነው።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ብርቱካናማ አለርታ። እኔና ጋሼ ኮረብታው ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከደቡብ ምዕራብ ጥቁር ግድግዳ የመሰለ ደመና መጣ። የመኪናው መስታወት በእንፋሎት ስለተሸፈነ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ዝናቡ ስክሪኑን አራሰው። ነካሁት፣ ካርታ ወጣ። ነካሁት፣ ቋንቋ ምረጥ አለኝ። ቋንቋ! በእጅጌዬ ስጠርገው ሌላ ቻናል ላይ ሄደ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርኩ በሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል። "ሳላ! ሳላ!" ማንም የለም። ጋሼ ሊረዱኝ እጃቸውን ዘረጉ... ምኑን ይጨብጡት? ልሙጥ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ባከነ።

መልእክቱ ሲደርስ ውሃው ሲኞራ ኢዳ ቤት ገብቶ ነበር። እማዬ ብቻዋን፣ አሮጊቷን እንደ ሕፃን አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ደረጃውን ወጣች። ሁለቱም በሕይወት አሉ። የእማዬ ወገብ ግን... ይህን የምጽፈው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። "ምንም አልሆንኩም፣ አንቺ ብቻ አትቆጪ" ትለኛለች።

አልቆጣም?!

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ሬናቶ ቨርባሌውን አነበበ። "መልእክቱ የዘገየው በአየሩ ሁኔታ ነው።" ፈርሙ አለ።

ተነሣሁ። "አልፈርምም። እኛ ያለነው ለአየሩ አይደል እንዴ? ያዘገየን መሣሪያው ነው። የማላምንበትን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴ ነው። ሪፖርቱን ሳያነቡ የመረጡት ግን እርስዎ ነዎት።"

ሬናቶ ፊቱ ቀላ። "ስለ እናትሽ ነው የተናደድሽው።"

"አዎ! ስለ ማን ልናደድ?"

ጋሼ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ሃያ ስምንት ዓመት ክበቡ ውስጥ ኖረው ሬናቶን አንድ ቀን ተቃውመው አያውቁም። "ዓይኔ አያይም" አሉ። "ዓመት ሙሉ ደብቄያችኋለሁ። የደገፍኩት ሳላየው ነው። ፓንዳዋ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጡ... ሬዲዮውንም ልጅቱ የመረጠችውን አድርጉት።"

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለሦስት፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ።

ጋሼን እስከ ሜትሮው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዘው ነበር።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

አለርታ። እማዬ ወገቧ ላይ ቀበቶ አስራ ሥራ ተመልሳለች። ተይ ብላት ትሰማለች? እኔ ኮረብታው ላይ ነኝ፤ ፓንዳዋ ውስጥ ጥቁሩ ሳጥን ተገጥሟል። ጋሼ ሳላ ውስጥ ናቸው፤ አዳማጭ ሆነዋል። ከዝናብ ጩኸት መሐል ቃል መልቀም እንደሳቸው የሚችል የለም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ ጠሩኝ። ሳላው ጣሪያ ላይ የቆመ አባል ነግሯቸው ነው። "ወደ ሰሜን እያለፈ ነው። ዘና በይ።"

ቀና ብዬ አየሁ። አላለፈም። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እማዬ ሰፈር እየዞረ ነው። እርግጠኛ ነኝ? እንደገና አየሁ። ነኝ።

ቁልፉን ጫንኩ፣ ክበቡ ሁሉ እየሰማ። "ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ወደ ምሥራቅ ዞሯል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።"

ሹሹሹ... ዝናብ ብቻ።

"ተቀብያለሁ። ሰው ተልኳል።"

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ውሃው በሩን ገፍቶ ሴሚንተራቶው ውስጥ ገባ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።