ቅቤ የሚወጣው ባሕር

አሰላ፣ ጥቅምት 1953 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ ሀይሉ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ደርሷል። ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አመነታሁ። ለመስቀል መጥተህ ሳለህ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

ከሁለቱ ጓደኞችህ ጋር እልፍኛችን ውስጥ የተጫወታችሁት፣ አንተ የደረስከው ሙዚቃ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ባሕርም እንደ ሰው የየራሱ ጠባይ አለው ብለህ፣ አንዱን ቁጡ፣ አንዱን ኩሩ አድርገህ አሰማኸን። «የመጨረሻው ቀይ ባሕር ነው፤ ምጽዋ ካለው ቤቴ መስኮት በየማለዳው የማየው። ታጋሽ ነው» አልክና ቫዮሊንህን አገጭህ ሥር አስገባህ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዜማው ይሄዳል፣ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል፣ ትንሽ አርፎ ይመለሳል። የት ነው የማውቀው?

በማግስቱ የጎረቤታችን የአስያ ልጅ ኢፍቱ አጥሩ ሥር ወተት ስትንጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቅሉን እየገፋችና እየሳበች የእናቷን የመናጫ ዘፈን ታንጎራጉራለች። ወተቱ ይሄዳል፣ የቅሉን ሆድ ይመታል፣ አርፎ ይመለሳል። ያው ነው! ልጅ ሳለህ እዚያው አጥር ሥር ቅቤው እስኪወጣ ቁጭ ብለህ ትጠብቅ እንደነበር እማዬ ሁልጊዜ ታወራለች።

ለካ ኢፍቱም በመስኮት ሰምታ ኖሯል። አንተ ስታልፍ ጮክ ብላ፣ «ጋሼ ሀይሉ፣ ያንተ ባሕር ቅቤ ይወጣዋል እንዴ?» አለችህ።

«ሂጂ አንቺ ባለጌ!» ብለህ ሳቅህ። ፊትህ ግን ተለዋወጠ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር፣ ምጽዋ መኖርህንም ጭምር፣ እጠረጥራለሁ። እማዬ የምጽዋን ሙቀት ስትጠይቅህ «ደህና ነው» ብለህ ወሬ ቀየርክ። ከዚያ ሐሩር የመጣ ሰው ለአሰላ ብርድ ጋቢ እንኳ አልጠየቅህም።

ስለ ባሕሩ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን አባባ የጢቾው ነጋዴ ወልደጻድቅ እኔን ለማጨት የላካቸውን ሽማግሌዎች የመለሱት «ወለላን ባሕሩ ዳር ወዳለው ቤቴ ወስጄ አስተምራታለሁ» ስላልካቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ለጥር ተመልሰው ይመጣሉ። አባባ ደግሞ «የልጄ ቃል ቃል ነው» እያሉ በሰው ፊት ይመካሉ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ኢፍቱንም አስምያታለሁ። ዜማው ከእኛ አጥር ሥር መምጣቱ አላስከፋኝም፤ እንዲያውም የበለጠ ወደድኩት። እባክህ፣ የምትኖርበትን ብቻ እውነቱን ንገረኝ። አዲስ አበባም ይሁን፣ የሰው ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍልም ትሁን፣ ትምህርት ቤት እስካለ ድረስ መሬት ላይም እተኛለሁ። ለእኔ የሚሆን ቦታ ከሌለህ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ለአባባ ራስህ ንገራቸው። እኔ አልችልም።

ሻንጣዬን አስሬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። መልስህ እስኪመጣ አልፈታውም።

እህትህ
ወለላ ገብረሥላሴ