ቆማ የምትበላ መኪና

ለምወድሽ፣ ለጊዜው ግን ለተቀየምኩሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታው ይቅደም፤ ለኩርፊያ ተብሎ ሰላምታ አይዘለልም። እንደምን አለሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ልጆቹ ክረምቱን እንዴት ያዙት? ባለቤትሽን ያ ሳል ተወው ወይስ አሁንም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። የነርስነት ፈተናዬንም ባለፈው ሐሙስ ጨረስኩ። ይህን ግን ቀድመሽ ሰምተሻል፤ አንቺ ሳትሰሚ የሚቀር ነገር እንደሌለ አሁን ገብቶኛል።

በስልክ ያላወራሁሽ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሄራን ነገ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ በእሷ እጅ ይድረስሽ። የምጽፍልሽም ስለ መኪናዬ ነው። አትሳቂ፣ አንብቢ።

ግሌንዴል የማስታምማቸው ሽማግሌ እንዳሉ ታውቂያለሽ። እሳቸው ጋ ስመላለስ አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ሳምንቱን ይዞኝ ይዘልቅ ነበር። ከሐምሌ ገብርኤል ሳምንት ጀምሮ ግን መኪናዬ ረቡዕ ላይ መብራቷን ታበራብኝ ጀመር። መንገዱ ያው፣ እኔ ያው፣ ሽማግሌውም ያው ናቸው። ቤንዚኑ ብቻ የት እንደሚገባ ጠፋኝ።

ለወንዳፍራሽ ነገርኩት። ባሌን በሠርጋችን ቪዲዮ ካየሽው ወዲህ ከሆዱ በቀር የጨመረው ነገር የለም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «እግርሽ ከባድ ነው እኮ ቤቢ፤ ጋዙን ቀስ ብለሽ ፑሽ አድርጊው» አለኝ። ለእኔ! እሱ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚውል ሰው ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ስለ እግሬ አስተማረኝ።

የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት መንገድ፣ ፌርፋክስ ላይ ደግሞ አማካሪ ሞልቷል። ጋሼ መኩሪያ የሚባሉ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው አሉ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ከቅመም መደብሩ ደጃፍ ወንበር ይዘው፣ ያለፈ መኪና ሁሉ ምን እንዳመመው በጆሯቸው ይመረምራሉ። የእኔን አንድ ጊዜ አዳመጡና «ኦክስጅን ሴንሰር ነው ልጄ፣ ሹር ነኝ» አሉ። አስቀየርኩ፤ ምንም። «እንግዲያው ስፓርክ ፕለግ ነዋ» አሉ፣ ለፊተኛው ይቅርታ እንኳ ሳይሉ። ካንዴላውንም አስቀየርኩ፤ ምንም። ጎማ አስነፋሁ። ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚያብጥ በጠዋት ቅጂ ያለኝ አለ፤ ታንኩን በስተው እየሰረቁሽ ነው ያለኝም አለ። አንዱማ ጠበል እርጪባት አለኝ፤ እሱ ቢያንስ ዕቃ አላስገዛኝም።

በመጨረሻ ጋርዴና ያለ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ማሽኑን ሰክቶ ሲያያት ቆየና መኪናዋ ጤነኛ ናት አለኝ። ሞተሩ የሠራበት ሰዓትና የሄደችው መንገድ አይገናኙም፤ አንድ ሰው አስነስቷት ሳይነዳ ይቀመጣል፤ ቆማ ነው የምትበላው አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ ሥራ ቦታ ኤሲ ከፍተሽ ትተኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። እኔ እንኳን መኪና ውስጥ አልጋዬም ላይ መተኛት ካቆምኩ ቆይቻለሁ አልኩትና ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን ነገሩ በራልኝ። ቁልፍ ያለን ሁለት ሰዎች ነን። ወንዳፍራሽ በዚህ ሰሞን ጠዋት ጠዋት «ስትሪት ክሊኒንግ ነው፣ ሙቭ ላድርጋት፣ ቲኬት እንዳይሰጡሽ» እያለ ከእኔ ቀድሞ መውረድ ልማድ አድርጓል። እኔም መጽሐፌ ላይ እንደተደፋሁ እሺ እለዋለሁ። የእኛን መንገድ እኮ ጠርገው የቆመ መኪና የሚቀጡት በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እታለም! በየቀኑ የሚጠረግ መንገድ እኛ ሰፈር፣ ሚድ ሲቲ ውስጥ የለም። ሰውዬው ሲዋሽ እንኳ ሰነፍ ነው።

ሴት ይዟል አልኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ማን ትወስደዋለች? ቢሆንም ስድቤን አሰናድቼ በማግስቱ ጠዋት ተከትዬው ወረድኩ። ይህ የሆነው ለፈተናዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ከፒኮ ጎዳና ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ እዚያው ሰፈራችን ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ አቁሟታል። ሞተሩ ይሠራል፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከሥሯ የኤሲው ውሃ ተንጠባጥቦ አስፋልቱን አርሶታል። ስልኩ ባትሪው ስለሞተ ከመኪናው ጋር ካልተሰካ አይሠራም፤ አዲስ ግዛ ብለው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለበት ስልክ ነው። ሰውዬው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። አጠገቡ ሴትም የሴት ጥላም የለም። መስኮቱን ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከመኪናው ስፒከር የሴት ድምፅ ሰማሁ። ያንቺን ድምፅ።

መጀመሪያ የመጣልኝን ልንገርሽ፦ ከጀርባዬ ባሌን ብር የምትለምኚው መሰለኝና ናቅኩሽ። ቀጥለሽ ግን እማዬን አነሳሽ፤ ከስሟ አስከትለሽም በሕይወት ላለ ሰው የማይባል ቃል ተናገርሽ። እዚህ አልጽፈውም። የወንዳፍራሽ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በመስኮቱ አየሁት። እጄን መልሼ ወደ ቤት ወጣሁ።

እሱ ቁልፉን ይዞ ሲገባ ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ «አለርጂ ነው» አለኝ። ቁልፉን ተቀብዬ ግሌንዴል ሄድኩ። የሽማግሌውን ቁርስ ሠራሁ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣ ጥፍራቸውን ቆረጥኩ። ሲያመሰግኑኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ ነከስኩ።

ከዚያ ወደ ኋላ አሰብኩ። መኪናዋ መብላት የጀመረችው በገብርኤል ሳምንት ነው። እማዬ ጠበል ገብታለች፣ ሸንኮራ ኔትወርክ የለም ያልሽኝም ያን ሳምንት ነው። ቀኑን የነገረኝ የቤንዚን መብራት ነው፤ እህቴ አይደለችም። ጫማ የላክሁላት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ደርሷታል፣ ልኳ ነው፣ ከእግሯ አልወልቅ ብሏል ብለሽ በድምፅሽ ላክሽልኝ፤ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ሰማሁት። በማን እግር ለካሽው፣ እታለም?

ተናድጄብሻለሁ። ትኬት ቆርጬ በደረስኩ ነበር። ፈተናው እኮ ይደገማል፤ ሌላው አይደገምም። ለአንድ ወረቀት ብላችሁ ዘጋችሁብኝ፤ እኔም ውሸታችሁ በከንቱ እንዳይቀር አፌን ዘግቼ ሄጄ ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ካለፍኩ ለእናንተ፣ ከወደቅኩም ለእናንተ ይሁን።

አሁን ዙሪያዬን ሳየው ደግሞ መደበቅ የሚችል ሰው የለም። ወንዳፍራሽ ቅዳሜ ሥራ እንዳልገባ ለምኖኛል። «ጀስት ሪላክስ አድርጊ» ይለኛል፣ የራሱ ፊት አመድ መስሎ። ጓደኞቹ ቁርስ ሊበሉ ይመጣሉ አለ፤ ጎህ ሲቀድ! የትኛው ጓደኛው ነው በዕረፍት ቀኑ ጎህ ሲቀድ የሚነሳው? እትዬ የሺሃረግ ከቤተ ክርስቲያን ደውለው ጥቁር ነጠላ አለሽ ወይ አሉኝ፤ ከዚያ ደነገጡና ለልጃቸው ቲያትር ነው አሉ። ለለቅሶ የሚወጡትን ታጣፊ ወንበሮች ሄራን ቤት ደርድረዋቸዋል፤ ሻንጣዋን ለመዝጋት ሳግዛት አንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጋሼ መኩሪያስ? ትናንት ቤንዚኑ አሁንም አልተሻለውም ብላቸው «ተይው ልጄ፣ ቤንዚን ምን ቁም ነገር አለው» አሉና ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ለካ እሳቸውም ሰንብተዋል ከሰሙ። እያወቁ ነው እንግዲህ ደህናውን ስፓርክ ፕለግ ያስወለቁኝ! ከመደብሩ እስከ ምግብ ቤቱ ፌርፋክስ ሙሉ የያዘውን ወሬ የእናቷ ልጅ ብቻ ሳትሰማ ሰነበተች።

ስለ ባሌ የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ እውነት ነው። ቁልፉን ይጥላል፣ ቦርሳውን ይጥላል፣ የልደቴን ቀን ይረሳል። ይህን አንድ ነገር ግን ይዞ ሳይጥለው ቆየ። በየጠዋቱ መስኮት ዘግቶ የእኔን ድርሻ ጭምር አለቀሰ። እማዬ እኮ እሱን «ልጄ» ነበር የምትለው፤ እኔ እንኳ ረስቼው ነበር። ላቅፈው እየፈለግኩ ተውኩት፤ ካቀፍኩት ማወቄን ያውቃል። አንቺም እንዳትነግሪው። ቅዳሜ በሰው መሀል ሸክሙን ያውርድ።

ሲያንኳኩ ፀጉሬ እንደተንጨባረረ፣ በሌሊት ልብሴ እከፍታለሁ። ምን ሆናችሁ በማለዳው እላቸዋለሁ። ማስመሰሉ እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ጩኸት ታምቆ የቆየ ነው፤ የላይኛው ጎረቤት ከፈለገ ፖሊስ ይጥራ።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ አድገው ጧሪሽ ይሁኑ። ባለቤትሽን ከሳሉ ይማርልሽ። አንቺን ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይልኝ፤ ኩርፊያዬ እንደሆነ ስንተያይ ይወጣልኛል። በዚህ ሰሞን ደጅሽን የረገጠ ሰው ሁሉ ያለሽን ቃል እኔ ብቻ ሳልልሽ ቀርቻለሁ፤ እንዳላውቅ ተደርጌ ነው።

እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም።

ታናሽ እህትሽ