የወፍጮ ሞተር መንገድ ያስለመዱት የአቶ ኢሉ ፍሮምሳ የሕይወት ታሪክ (1944 – 2018 ዓ.ም.)

አቶ ኢሉ ፍሮምሳ ከአባታቸው ከአቶ ፍሮምሳ ቡልቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናዬ ቱሉ በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. ላፍቶ ውስጥ ተወለዱ። ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሰፈር ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ወላጆቻቸው ገበሬ ሊያደርጓቸው ቢያስቡም፣ የአቶ ኢሉ ዓይን ከልጅነታቸው ጀምሮ በመንገዱ በሚያልፈው መኪና ላይ እንጂ በበሬው ላይ አላረፈም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል መካኒሳ አካባቢ ከተማሩ በኋላ በ1960 ዓ.ም. በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተቀጥረው ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። ቮላኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከእናታቸው ቋንቋ እኩል አፋቸው ላይ የቀሩት ከዚያ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመንገድ ሥራ መኪኖች መካኒክ ሆነው በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ሞተር ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የመጨፈን ልማድ ነበራቸው። ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ ማንም አያናግራቸውም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገዲሴ ዳዲ ጋር ትዳር መሠረቱ። የወይዘሮ ገዲሴ አባት አቶ ዳዲ ለቡ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው። አቶ ኢሉ ወደዚያ ግቢ መጀመሪያ የዘለቁት የወፍጮውን የነዳጅ ፖምፓ ሊጠግኑ ሲሆን፣ ለዚሁ ጥገና ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሞተሩ የተበላሸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንደነበር ወይዘሮ ገዲሴ እስከ ዛሬ እየሳቁ ይመሰክራሉ። ከዚህ ትዳር ናፍቆትና ኖላዊ ተወልደዋል። ይህን ታሪክ የጻፈችው የመጀመሪያ ልጃቸው ናፍቆት ናት።

ስለዚያ ሞተር ሳይነገር ስለ አቶ ኢሉ ማውራት አይቻልም። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከለቡ እስከ መካኒሳ ያለውን እህል የፈጨ የጀርመን ሞተር ነው። ድምፁ ሲነሣ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሲቆም ከሰዓት መሆኑ ይታወቃል። የመብራት ወፍጮ ሲበዛ በ1994 ዓ.ም. ሥራ ፈትቶ ጆንያ ለብሶ ተቀመጠ። አቶ ዳዲ ከሁለት ዓመት በኋላ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው አማቻቸውን አስጠሩና፣ «ይህ ሞተር ነፍስ እያለው በኪሎ እንዳይሸጥ። አደራ» አሏቸው። አቶ ኢሉም እሺ ብለው ቃል ገቡ። እሺ ካሉ ደግሞ እሺ ነው፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቀዋል።

ቃሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀላል ነበር፤ ሞተሩ ከጆንያው ሥር ተኝቶ ማንንም አላስቸገረም። በ2013 ዓ.ም. ግን የአቶ ዳዲ ግቢ ለልማት ተፈለገና ዕቃ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣ ተነገረ። ዘመዶች ተሰብስበው ሞተሩ ለብረት ገዢ እንዲሰጥ ተስማሙ። አቶ ኢሉ እስኪጨርሱ ሰምተው፣ ሞተሩ በሕይወት እንዳለና እንደሚሠራ አሳያችኋለሁ አሉ። በእርሳቸው ግቢ በ1984 ዓ.ም. የገዙት ጥቁር ሞዴል 180 መርቸዲስ ነበር። ስንቱን ሙሽራ ካጓጓዘ በኋላ የቤንዚን ሞተሩ አርጅቶ ተቃጥሎ ስምንት ዓመት ድንጋይ ላይ ቆሟል። የዳዲን ሞተር እዚያ ውስጥ እንደሚያስገቡ ሲናገሩ ሳቅ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የተቃወመቻቸው ናፍቆት ነበረች። የፊዚክስ መምህርት ናትና ክብደቱን፣ ጉልበቱን፣ የማርሹን ልክ በወረቀት አስልታ እንደማይሆን አስረዳቻቸው። አባቷ ወረቀቱን በጥሞና ካነበቡ በኋላ አመሰግናለሁ ብለው የመፍቻ ሣጥናቸውን ከፈቱ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ ነበር፤ ቀኝ እጃቸውም መንቀጠቀጥ ጀምሮ ነበር።

ስምንት ወር ሠሩ። የዛገው ፒስተን እስኪላቀቅ አርባ ቀን ዘይትና ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሞተሩ ሱባኤ ገብቷል ይሉ ነበር። ፖምፓውን ነጭ አንሶላ ላይ ፈትተው፣ እያንዳንዱን ብሎን በየተራው አስቀምጠው አጠቡ። መኪናውም ሞተሩም የአንድ ፋብሪካ ልጆች መሆናቸው ረዳቸው፤ አንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ እንደተለካ ገጠመ። የፊት ሞላውን አጠነከሩት፣ የሞተሩን መቀመጫ እንደገና በየዱት፣ በመጨረሻም ሞተሩን ከግቢው ሾላ ዛፍ ቅርንጫፍ በሰንሰለት ሰቅለው ቀስ ብለው አወረዱት።  ናፍቆት ስሌቷን በኪሷ ይዛ ከሾላው ሥር ቆማ እንደነበር አትክድም።

ይሁን እንጂ አቶ ኢሉ አንድ ነገር ሳይነኩ ትተው ነበር። ወፍጮ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ፍጥነት ብቻ ነውና፣ አቶ ዳዲ የፖምፓውን መቆጣጠሪያ ለድንጋዩ በሚስማማው ልክ በገዛ እጃቸው በሽቦ አስረውት ነበር። አቶ ኢሉ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ሲፈቱት ያቺን ሽቦ ግን ዙሪያዋን በጨርቅ ጠርገው እንደታሰረች ተዉአት። የአማት እጅ ያሠረውን መፍታት ነውር መስሎ ታያቸው። ናፍቆት እንዲህ ሆኖ መኪናው ነዳጅ ቢረገጥ እንደማይፈጥን ነግራቸው ነበር፤ በዚህ በኩል እንኳን ፊዚክስ አልተሳሳተም።

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ተነሣ። ሃያ ዓመት ዝም ያለ ነገር ድምፅ ሲሰጥ መስማት ምን እንደሆነ በጽሑፍ አይወጣም። አቶ ኢሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ፤ ስንጠብቃቸው ቆይተን ሲገልጡት እንባ ሞልቶት ነበር። ከዚያ ወይዘሮ ገዲሴን አጠገባቸው አስቀምጠው ወደ ለቡ መብራት ኃይል መንገድ ወጡ። መኪናው ሄደ፤ ግን ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በአንድ ልክ። ነዳጅ መስጫው ቢረገጥ አይሰማ፣ ቢለቀቅ አይሰማ። የጋሪ አህያ ቀደማቸው። ሞተሩ ገና ይፈጭ ነበር።

በዚያ ቀስታ ውስጥ እያሉ ነው ከአንድ በር ወይዘሮ ቢፍቱ የወጡት። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የአቶ ዳዲ የቅርብ ጎረቤት ነበሩ። ድምፁን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ የተለቀመ ስንዴያቸውን በላስቲክ ይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። መኪናውን ሲያዩ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ኮፈኑ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «እኔ መች አሰብኩ፤ እግሬ ነው የሰማው» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። አቶ ኢሉ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወይዘሮ ቢፍቱን ከነስንዴያቸው ከኋላ አስቀምጠው መካኒሳ ወደሚገኝ የመብራት ወፍጮ ወሰዷቸው፤ ዱቄታቸውንም ይዘው መለሷቸው። ያንን እህል መፍጨት ባይችል መሸከም የቻለውን ሞተር ያየን ሁሉ እግዚአብሔር በቸርነቱ አሳየን ከማለት በቀር ምን እንበል።

ቤት ሲመለሱ አቶ ኢሉ ከኮፈኑ ሥር ቆመው ሽቦዋን ሲያዩ ቆዩ። ቃላቸውን የጠበቁ ይመስላቸው ነበር፤ ሞተሩ ግን ገና ዳዲ በሽቦ ባሰሩት ልክ ላይ ነበር። ይህን ያዩት ወይዘሮ ገዲሴ፣ «አባቴ ለድንጋዩ ብሎ አሰረ እንጂ አንተን አላሰረም። ፍታው» አሏቸው። አቶ ኢሉ ፒንሳውን ለባለቤታቸው ሰጡ፤ ሽቦዋን የቆረጡት ወይዘሮ ገዲሴ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ቀለበት መንገድ ላይ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ሄደ። ናፍቆት ከኋላ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አታፍርበትም። የሞተሩ ቁጥር በመኪናው ሊብሬ ላይ ካለው ስለማይገጥም ለምዝገባ ሲቀርብ፣ ወይዘሮ ገዲሴ የአባታቸውን የወፍጮ ፈቃድ ከሣጥን አወጡ፤ ቁጥሩ በቀለም ተጽፎበት ተገኘ። መርማሪው ወረቀቱን አይተው ሞተሩን አንድ ጊዜ እንዲያስነሡላቸው ጠየቁ። ከሰሙ በኋላም እንደገና እንዲያስነሡ ጠየቁ። ከዚያ ፈረሙ።

መኪናው ከዚያ ወዲህ ሙሽሮችን፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶችና እህል ይዘው የሚቸገሩ አሮጊቶችን አጓጓዘ። በየእሑዱም ወይዘሮ ገዲሴን ብስራተ ገብርኤል አድርሷል። ሞተሩ በኪሎ ይሸጥ ብለው የነበሩ ዘመዶችም ዛሬ ከጎኑ ፎቶ ተነሥተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ አሉ፤ በዚህ አንቀየማቸውም።

አቶ ኢሉ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በልብ ሕመም ተኙ። ሕመማቸው ሲጠና ናፍቆት ከአልጋቸው አጠገብ ተንበርክካ፣ መኪናውን ምን እናድርገው፣ አደራ በለኝና ልጠብቀው አለቻቸው። አባቷም፣ «አደራ አልልሽም። ለዳዲ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ጠብቄዋለሁ። አንቺ የራስሽን ኑሪ» አሏት። ይህ ለልጃቸው የተዉላት የመጨረሻ ንግግር ነው።

አቶ ኢሉ ፍሮምሳ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው፣ በባለቤታቸው እጅ ላይ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴ፣ ልጆቻቸው ናፍቆትና ኖላዊ፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ብዙ ዘመድና ጎረቤት በሐዘን ቀርተዋል።

ለገባው ቃል ታማኝ የሆነው አምላክ፣ ቃላቸውን ጠብቀው የደከሙትን አባታችንን ወደ ዕረፍቱ ያግባልን። እርሳቸው በፈቃዳቸው የተሸከሙትን ለልጆቻቸው ሳያሸክሙ ሄደዋልና፣ እርሱ በእጁ ያሳርፍልን።